ጠፈጠፍና በርሜል

በጉብሬ፣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ድንገት የሚወርደውን ዝናም ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ ያደመጠ ሰው፣ ድምፁ ጨዋታ እንደሚያስቆም፣ ጠፈጠፉም ከጣራው ጫፍ እንደ መጋረጃ ወርዶ የግድግዳውን ሥር እንደሚቦረቡር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ፀሐይ ወጥታ ግቢው ዝናም ያላየ እንደሚመስል ያውቃል፤ ከዚያም ወዲያ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቀን ጠብ ሳይል ሲቀር፣ የጎመን መደቡን ለማጠጣት ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ቦኖ ፊት ወረፋ የሚይዘው ያው ሰው ነው። ከጣራው የወረደው ውሃ የት ሄደ? ቢያዝስ ኖሮ ምን ያህል ያገለግል ነበር? ይህን ጥያቄ በየግቢው ሳነሣ የማገኘው መልስ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ በርሜል ገዝቼ ከጓሮ ጭንቀት ዳንሁ ይላል፤ ሁለተኛው ሁለት መቶ ሊትር ለበጋ ምን ሊሆን ነው ብሎ ይስቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ የቆመ ውሃ ወባ ይጠራል ብሎ በሩን ይዘጋል። ሦስቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው፤ ስሕተታቸው እያንዳንዱ ያየውን አንድ ወቅት የዓመቱ ሁሉ ሥርዐት አድርጎ መቍጠሩ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ክፍላተ ዘመን ሲከፍሉት፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለውን ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ደግሞ ጸደይ ብለው ሰይመውታል። ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለ ሆኑ ይህን አቈጣጠር እንደ ሃይማኖት ነገር አላነሣውም፤ ይሁን እንጂ ስለ በርሜል ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ሠንጠረዥ አላገኘሁም። በክረምት ምድር ራሷ ጠግባ ስለምታድር በርሜል ሥራ ፈት ነው፤ በሐጋይ የሚሞላው ስለ ሌለ ባዶውን ይቆማል፤ እውነተኛ አገልግሎቱ በጸደይ፣ ዝናሙ መጣሁ ቀረሁ በሚልበት ጊዜ፣ ቀጥሎም በመፀው መጀመሪያ፣ ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ነው። በርሜል የበጋ ጎተራ አይደለም፤ በሁለት ዝናም መካከል የተዘረጋ ድልድይ ነው። የሚያመሰግኑትም የሚነቅፉትም በዚህ ቢስማሙ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ያልቅ ነበር።

ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዛሬ የወልቂጤ ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ሆና ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን የያዘች ቦታ ናት። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተማሪውና ተከራዩ በዝቶ፣ የቆርቆሮ ቤቱም በዚያው ልክ ተበራክቶ፣ የጓሮው ስፋት ግን በየዓመቱ እየጠበበ መጥቷል። የቧንቧ ውሃን ነገር በተመለከተ ብዙ መናገር አያሻም፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪዎች ስለ ውሃ እጦት አቤት ለማለት አደባባይ ወጥተው የሰው ሕይወት የጠፋበት ቀን ከማንኛችንም ልብ አልወጣም። ስለዚህም በየቤቱ በርሜል ይቀመጥ ብሎ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ሊናገር ይገባዋል፤ ይኸውም የጣራ ውሃ ጓሮ ያጠጣል እንጂ የቧንቧን ዕዳ አይከፍልም፤ ነዋሪው በርሜል ስላለው ውሃ ማድረስ ያለበት አካል ግዴታው ይቀልለታል ማለት አይደለም።

ከሰማይ የወረደውን ውሃ ይዞ ማቈየት በአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። በአክሱም ማይ ሹም የሚባለው፣ ትውፊት የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ የሚለው ሰፊ ኩሬ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ በላሊበላም የቤተ ጊዮርጊስን ጣራ በጥንቃቄ ያየ ሰው፣ መስቀሉ ላይ የዘነመው ውሃ ግድግዳውን ሳያበላሽ አርቆ እንዲወረወር ከዚያው ከአለቱ የተጠረቡ አሸንዳዎችን ያገኛል፤ ይህም የጥንት ጠራቢዎች የጣራን ውሃ ጠባይ ከእኛ ይልቅ ማወቃቸውን ይመሰክራል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በኮንሶ ምድር ሐርዳ የሚሏቸው ኩሬዎች የመንደሩ ሁሉ የጋራ ንብረት ናቸው፤ በሶማሌ ቈላ ደግሞ በሲሚንቶ የተለሰኑት በርካዎች የዝናሙን ውሃ ለከብትና ለሰው ያቈያሉ። የጉራጌ ምድር እንዲህ ያለ ጥበብ አጥብቆ የፈለገ አይመስለኝም፤ ምንጩና ወንዙ ቅርብ ከመሆኑ በላይ፣ ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሳይቀር ሕዝቡን በስሙ የጠራበት እንሰት ራሱ ጎተራም ጋንም ስለ ነበረ ነው። እንሰት ውሃን በግንዱና በሥሩ አከማችቶ ወራት የሚሻገር ተክል ነውና፣ ባለቤቱ ለእሱ ባልዲ ተሸክሞ ሲሮጥ አይታይም።

ነገሩን የለወጠው ጣራው ነው። የሣር ክዳን የነበረው ጎጆ ዝናሙን እንደ ሰፍነግ ተቀብሎ በዝግታ በዙሪያው ያንጠባጥበው ነበር፤ የሣር ውሃ መልኩ እንደ ጠጅ የጠየመ፣ ጭስና ጥላሸት የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ማንም ሊያጠራቅመው አላሰበም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የተጀመረው ቆርቆሮ ወደ ገጠሩ ሲደርስ ግን ሁለት ነገር ባንድነት አመጣ፤ ውሃው ንጹሕ ሆነ፣ ውሃው ኃይለኛም ሆነ። ሣር በሰዓታት የሚለቀውን ቆርቆሮ በደቂቃ አንዠቅዝቆ ይጥለዋል፤ የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ የሚበላውም፣ ጓሮው በጎርፍ የሚታጠበውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሸንዳ መግጠም ውሃ ለሚፈልግ ሰው ብቻ የሚመከር አይደለም፤ ውሃ የማይፈልግ ሰውም ቤቱን ከፈለገ ያሻዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ፤ ከስሌት የሚሸሽ አንባቢ ቢኖርም እንኳ ይህችን አንድ አንቀጽ ይታገሠኝ። አንድ ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ርዝመትና ወርዱ ከመሬት ሲለካ ሃምሳ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣራ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ሃምሳ ሊትር ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ አርባ ሊትር ይቀራል። ታዲያ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው የተለመደው በርሜል በአምስት ሚሊሜትር ዝናም፣ ማለትም ከላይ በገለጥኋት በአንዲት የግማሽ ሰዓት ዶፍ፣ ሞልቶ ይፈሳል፤ ይኸውም ከቦኖ የሚመጣ ዐሥር ጀሪካን ማለት ነው። የዓመቱን ዝናም አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሚሊሜትር ብለን ብንወስድ፣ ከዚያው ጣራ አርባ ስምንት ሺህ ሊትር፣ ወይም ሁለት መቶ አርባ በርሜል ይወርዳል። ቍጥሩ ያስጐመጃል፤ ነገር ግን የሚያስጐመጀው ሰው ሁለት መቶ አርባ በርሜል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ዝናሙም አብዛኛውን የሚያወርደው ማንም ውሃ በማይፈልግበት በክረምት ነው። የወጪውን ወገን ስናይ ደግሞ፣ ፀሐይ በጠናበት ቀን አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ ከአራት እስከ አምስት ሊትር ይጠጣል፤ ዐሥር ካሬ ሜትር ጎመን ያለው ሰው አንዱን በርሜል በአራት ወይም በአምስት ቀን ይጨርሰዋል። በሐጋይ የሚስቀው ሰው እዚህ ላይ ትክክል ነው። አራት በርሜል ከታች በቱቦ አያይዞ ያስቀመጠ ግን ከዐሥራ ስድስት እስከ ሃያ ቀን ይሻገራል፤ የጸደይ ዝናም ተቋርጦ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውም ከዚህ አይርቅም።

ይህን ስል ከሁሉ በፊት ወደ ልቤ የሚመጣው የበርበሬ መደብ ነው። የማረቆና የቡታጅራ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ ያ ቀይ ዛላ ግን ሕይወቱን የሚጀምረው እርሻ ላይ ሳይሆን በጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ የችግኝ መደብ ውስጥ ነው። ዘሩ በመጋቢትና በሚያዝያ ይዘራል፣ ችግኙ ሳምንታት ቈይቶ የክረምቱ ዝናም ሲጸና ተነቅሎ ይተከላል፤ እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ፍጹም የጸደይ ሳምንታት ናቸው። አምስት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች መደብ በቀን ሃያ ወይም ሃያ አምስት ሊትር ብታገኝ ይበቃታልና፣ አንድ በርሜል ከስምንት እስከ ዐሥር ቀን ያኖራታል፤ የቤቱ ሴት ልጅ ትምህርቷን ጥላ ቦኖ አትቆምም፤ አንድ ቀን ውሃ በመቅረቱ ምክንያት የዓመቱ ዘር አይጠወልግም። መደቧን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጉዝጓዝ ብታለብሳት ትነቱ ስለሚቀንስ በርሜሉ ከዚያም በላይ ይራመዳል። የቡናና የጫት ችግኝም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ውሃው ጥቂት ሲሆን ለብዙ መሬት ከማከፋፈል፣ ለጥቂት መሬት፣ ይልቁንም ዋጋው ከፍ ላለው ለችግኝ መስጠት ይሻላል፤ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በርሜል ገዝቼ አልጠቀመኝም የሚሉኝን ሁሉ ስጠይቅም አብዛኞቹ ውሃውን ለጓሮው ሁሉ በአንድ ቀን ያዳረሱ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ስለ በርሜሉ ምርጫ በራሴ ላይ የደረሰውን ባወጋ ለሌላው ይጠቅም ይሆናል። የመጀመሪያዬን በርሜል የሸጠልኝ ነጋዴ የምግብ ዘይት ነበረበት ብሎ ማለልኝ፤ እኔም ከላይ መታጠቡን አይቼ አመንሁ። ውሃው ሲሞላ ፊቱ ላይ የቀስተ ደመና መልክ ያለው ቅባት ተንሳፈፈ፤ ባጠጣሁ በሳምንቱም የበርበሬ ችግኞቼ ጫፋቸው ነደደ። አዶት ብዬ የምጠራቸው አሮጊት ጎረቤቴ መጥተው አንገታቸውን ወደ በርሜሉ አፍ አስግገው ከተመለሱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሳታሸተው ነው የገዛኸው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በርሜል የምገዛው በዓይኔ ሳይሆን በአፍንጫዬ ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የቀለም ወይም የሬንጅ ዕቃ የነበረ በርሜል በምንም ዓይነት እጥበት ለአትክልት አይመለስም፤ የብረቱ በርሜል ከውስጥ ዝጎ ከሥሩ ይበሳል፤ የፕላስቲኩ በተለይ ጥቍር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሆነው ረዥም ዕድሜ አለው፣ ብርሃን አሳልፎ የሚያሳየው ነጭ ዓይነት ግን በጥቂት ሳምንት አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። አቅም ያለው ሮቶ ያስቀምጣል፤ ሮቶም ቢሆን ጠባዩ ከበርሜል አይለይም፣ የሚለየው ስፋቱ ብቻ ነው።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክብደቱን ነው። የሞላ በርሜል ሁለት ኩንታል ይመዝናል፤ በለስላሳ አፈር ላይ ያቆሙት እንደ ሆነ በክረምት አንድ ጐኑ ይሰምጥና አንድ ሌሊት ተገልብጦ ይገኛል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ልኩ ተስተካክሎ፣ ባልዲ ከሥሩ እንዲገባ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ያስፈልገዋል። ቧንቧው ከወለሉ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ ይገጠም፣ ዝቃጩ ከታች እንዲቀር። ጎማ ዘርግቶ በኃይል እንዲረጭ የሚመኝ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝ፤ አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ከከተማ ቧንቧ ግፊት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለማጠጫ ዕቃና ሰፋ ያለ ቀዳዳ ላለው የጠብታ መስኖ ቱቦ ግን ይበቃል። አሸንዳው በየሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ወደ በርሜሉ ያዘንብል፤ ቀጥ ያለ አሸንዳ ውሃ ያቁራል፣ የቆረውም ውሃ የትንኝ ማሕፀን ይሆናል።

ወደ ሦስተኛው ወገን፣ ወባን ወደሚፈራው፣ በዚህ እንመጣለን። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ወባ በቡታጅራ አካባቢ ቈላ ቀበሌዎች የቆየ ጠላት ነው። የቀድሞዋ የወባ ትንኝ ግን የምትወደው ከቤት ውጭ ያለውን ረግረግና የዝናም ኩሬ ስለ ነበረ፣ በርሜል ያስቀመጠ ሰው ብዙም አይወቀስም ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል፤ ከእስያና ከዐረብ ምድር የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል፤ የእርስዋ መራቢያ በትክክል የከተማው ሰው የውሃ ማጠራቀሚያ፣ በርሜልና ገንዳ ነው። ደንጊ ትኵሳትን የምታስተላልፈው ትንኝም በዚሁ ዕቃ ትራባለች። ትንኝ ከእንቍላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታልና፣ መድኃኒቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ በሩን መዝጋት ነው፤ ክዳኑ ሳይነቃነቅ የሚገጥም ይሁን፣ ውሃው የሚገባበትና የሚተርፍበት ቀዳዳ በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ወይም በአጎበር ጨርቅ ይታሰር፣ ጨርቁም የተቀደደ እንደ ሆነ በዕለቱ ይለወጥ። ነጭ ጋዝ የሚያፈሱበትን አይቻለሁ፤ ትንኟን ቢገድልም የሚጠጣው ችግኝ አብሮ ይታመማል። ክዳኑን የማጠብቅበት ሌላም ምክንያት አለ፤ መራመድ የጀመረ ሕፃን ላለበት ግቢ ክፍት በርሜል ከጉድጓድ አይተናነስም።

የዓመቱ እንክብካቤ ከዚያው ከአራቱ ዘመን ጋር ይሄዳል። በሐጋይ መጨረሻ፣ ዝናም ሳይጀምር፣ መሰላል ተደግፎ አሸንዳው ይጠረጋል፤ በጉራጌ ምድር የባሕር ዛፍ የሌለበት ሰፈር ስለሌለ ቅጠሉ አሸንዳውን ሞልቶ ይቈያል፣ ቅጠሉ ሲዘፈዘፍም ውሃውን ያጠቍረዋል። የመጀመሪያው ዝናም ወራት ሙሉ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኵስ አጥቦ ስለሚወርድ ወደ በርሜሉ አይገባም፤ የአሸንዳውን ቱቦ ወደ ጐን አዙሮ ለሃምሳ ካሬ ሜትር ጣራ ሁለት ሦስት ጀሪካን ያህል መሬት ላይ ማፍሰስ ያሻል። ይህንን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ከናፈቀው ዝናም የመጀመሪያውን ማፍሰስ ለሰው ልጅ ከባድ ነውና። በክረምት መካከል በርሜሉ አንድ ቀን ባዶ ተደርጎ፣ ዝቃጩ ተጠርጎ ይታጠባል፤ ያን ጊዜ ማባከን የለም፣ በማግሥቱ ይሞላል። ትልቁ ጥበብ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ የትኛው ዝናም የመጨረሻው እንደ ሆነ የሚያውቅ የለምና፣ ከመስቀል በዓል ወዲያ በርሜሉን ሁልጊዜ ሙሉ አድርጎ መጠበቅ፣ የተጠቀሙትንም ወዲያው መተካት ይገባል። በሐጋይ ያለቀው በርሜል ከፀሐይ ወደ ጥላ ተወስዶ አፉ ወደ ታች ይደፋል፤ ፕላስቲክን የሚሰነጥቀው ከውሃ ይልቅ ፀሐይ ነው።

አጠጣጡን በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ የጣራ ውሃ ለመጠጥ አይታሰብ፤ ጥሬውን በሚበላ ሰላጣና ቃሪያ ላይም ከላይ እንደ ጠል ከማርከፍከፍ ከሥሩ ማፍሰስ ይሻላል፤ ሰዓቱ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሁን።

የሌላውን ዓለም ልምድ ያየን እንደ ሆነ፣ በቤርሙዳ ደሴት ቤት ሁሉ በነጭ ኖራ የተቀባ ጣራውን ከሥሩ ካለው ጕድጓድ ጋር አያይዞ ይሠራል፤ በታይላንድ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዙ የሲሚንቶ ጋኖች በሚሊዮን ቤት ተዳርሰዋል፤ በብራዚል ደረቅ ሰሜን ምሥራቅ ከ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዘመቻ ዐሥራ ስድስት ሺህ ሊትር የሚይዝ የቤት ጕድጓድ ያስገነባል። እኛም በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ይልቁንም በአማራና በትግራይ በየገበሬው ማሳ ኩሬ እንዲቈፈርና በፕላስቲክ እንዲነጠፍ የተደረገበትን ዘመቻ እናስታውሳለን፤ የብዙዎቹ ኩሬዎች ፕላስቲክ ተቀዶ ውሃው ሰረገ፣ ክዳን የሌላቸውም ትንኝ አራቡ። የተሳካውንና ያልተሳካውን ሳነጻጽር ልዩነቱ በመሣሪያው ዋጋ ላይ አይደለም፤ የብራዚሉን ጕድጓድ የቤቱ ሰው ራሱ አሠራሩን ተምሮ፣ ሲሰነጠቅ ራሱ ይለስነዋል፤ የእኛ ኩሬ ግን ብዙ ጊዜ የተቈፈረው ለቍጥር ነው። በዚህ ረገድ ትንሿ በርሜል አንድ ትልቅ ብልጫ አላት፤ ባለቤቷ ገዝቷታልና ሲያፈስ ይሰማዋል።

የቀረው የትርፉ ነገር ነው። ከአርባ ስምንቱ ሺህ ሊትር አራት በርሜል በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ሙላት ሦስት ሺህ ሊትር ያህል ቢይዝ፣ ሌላው ሁሉ ሞልቶ የሚፈስ ነው፤ የትርፉ ቱቦ ግን በአብዛኛው ግቢ የሚያበቃው እዚያው በርሜሉ ሥር፣ በግድግዳው መሠረት ላይ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ቱቦውን አስረዝሜ ከቤቱ ጀርባ ካለው ከእንሰቱ ተራ ራስጌ አደረስሁት፤ በተራው መካከልም ጋት የሚጠልቅ ጠመዝማዛ ቦይ ቆፍሬ፣ ውሃው ሳይሮጥ እየሰረገ እንዲሄድ በየሁለት ሜትሩ በእንሰት ግንድ ስባሪ ገደብሁት። የሐምሌን ዶፍ ሁሉ አልያዘውም፤ በሁለት ሌሊት ገንፍሎ አጥሩን ጥሶ ወደ ጀፎረው፣ ወደ መንደሩ የጋራ ጎዳና፣ ወጥቶ ነበርና ከጎረቤት ጋር ሳንነጋገር አላለፍነውም። ዘንድሮ ቦዩን በአንድ ክንድ አስፍቼዋለሁ።